ድረ-ገጻችን በፍለጋ እንዲገኝ የቱን እንምረጥ?

ድረ-ገጽ ያላቸው ሰዎች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ያው ነው። «ጉግል ላይ ከላይ ለመውጣት ማስታወቂያ ልክፈል ወይስ ኤስኢኦ ላሠራ?» ኤስኢኦ የሚባለው ድረ-ገጽ ያለ ማስታወቂያ ክፍያ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ እንዲል የማስተካከል ሥራ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መቅደም ያለበት «ድረ-ገጼ አሁን የተያዘው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው። እሱ ሳይመለስ የሚወጣ ገንዘብ በሽታው ሳይታወቅ እንደሚገዛ መድኃኒት ነው። አንዳንዴ ያድናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኪስ ያራቁታል።

ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች በምርጫ መልክ ነው ያስቀመጥኳቸው። ይሄ ይሻላል ወይስ ያ? እኔ የቱን እንደምመርጥና ለምን እንደሆነ በግልጽ እናገራለሁ። ሁኔታችሁ ሲለይ ምርጫችሁም ይለያልና መቼ እንደሚለይም እጠቁማለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ምርመራው

የፍለጋ ሞተር ሥራ ሦስት ደረጃ አለው። ሮቦቱ ሊንክ እየተከተለ ገጾችን ይጎበኛል። ያየውን አንብቦ መዝገቡ ውስጥ ያስገባል፤ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ መዝገብ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ሲፈልግ ከመዝገቡ ውስጥ የሚስማማውን መርጦ በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ገጻችሁ ካልተጎበኘ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር ማንም አያገኘውም። ካልተመዘገበ፣ ፍጥነቱን ማሻሻል ምንም አይጨምርለትም። ተመዝግቦ ግን አምስተኛው የውጤት ገጽ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ሳይትማፕ (የገጾቻችሁን ዝርዝር የያዘ ፋይል) ደጋግሞ መላክ ከንቱ ድካም ነው። ለእያንዳንዱ ችግር መፍትሔው የተለየ ነው።

የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆማችሁ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ፈጣኑ፣ ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ «:» ምልክት አድርጎ፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የራስን ድረ-ገጽ አድራሻ ማስከተል ነው። የተመዘገቡ ገጾች ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ግን ሙሉ ላይሆን ይችላል። ሌላው ጉግል ሰርች ኮንሶል ነው። ነፃ ነው። ባለቤትነታችሁን አንዴ ካረጋገጣችሁ በኋላ የትኛው ገጽ እንደተመዘገበ፣ ያልተመዘገበውም በምን ምክንያት እንደቀረ ያሳያችኋል። እኔ ያለ ሰርች ኮንሶል ምንም ሥራ አልጀምርም። ቢንግም ዌብማስተር ቱልስ የሚባል ተመሳሳይ ነፃ መሣሪያ አለው። እሱንም ክፈቱት።

ይህን የምለው አንድ ጊዜ ዋጋ ስለከፈልኩበት ነው። አዲስ ድረ-ገጽ ከፍቼ ለሁለት ወር ያህል ጽሑፍ ስጨምር ቆየሁ። ከፍለጋ አንድም ሰው አልመጣም። ርዕሶቹን ቀየርኩ። ፎቶዎቹን አሳነስኩ። አዲስ ዲዛይን ጫንኩ። በመጨረሻ ሰርች ኮንሶልን ስከፍት ገጾቼ በሙሉ «አትመዝግቡኝ» የሚል ትእዛዝ ተሸክመው ነበር የቆዩት። በግንባታ ጊዜ ማንም እንዳያየው ብዬ ሴቲንግ ውስጥ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ሥራው ሲያልቅ አላነሳሁትም። ለማንሳት የፈጀብኝ አምስት ሰከንድ ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁት ሁሉ ግን ለሌላ በሽታ የተሰጠ መድኃኒት ነበር። ዎርድፕረስን ጨምሮ ብዙ የድረ-ገጽ መሥሪያዎች ይህች ሳጥን አለቻቸው። ጠቃሚ ናት። ድረ-ገጻችሁን በከፈታችሁ ቀን ግን መጀመሪያ እሷን እዩ።

ማስታወቂያ ወይስ ኤስኢኦ?

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት ላጥራ። ለጉግል ማስታወቂያ የሚከፍል ሰው በተፈጥሯዊው ውጤት ላይ ከፍ አይልም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ማስታወቂያው በክፍያ የሚገኝ ቦታ ነው። ከሥሩ ያለው ዝርዝር ግን በገንዘብ አይገዛም።

ማስታወቂያ ዛሬ ተከፍሎበት ዛሬ ሰው ያመጣል። ክፍያው ሲቆም ሰውም ይቆማል። ኤስኢኦ የተገላቢጦሽ ነው። ጉግል ራሱ ለድረ-ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር፣ የለውጡ ጥቅም እስኪታይ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ይናገራል። አንዴ ከመጣ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ክሊክ አትከፍሉም።

ስለዚህ ምርጫው በጊዜ ይወሰናል። በሚቀጥለው ወር የሚካሄድ ሥልጠና ካላችሁና ተመዝጋቢ ከፈለጋችሁ ማስታወቂያ ክፈሉ። ኤስኢኦ አይደርስላችሁም። የዛሬ ዓመትም የሚኖር ሥራ ካላችሁ ግን ኤስኢኦውን ዛሬ ጀምሩ፤ የዘገየ ሁሉ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው።

ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ሦስተኛ መንገድም አለ። ማስታወቂያን እንደ መፈተሻ መጠቀም። ብስክሌት የምትጠግኑ ከሆነ ሰው የሚፈልገው «የብስክሌት ጥገና» ብሎ ነው ወይስ «የብስክሌት ጎማ መቀየር» ብሎ? ለሁለቱም ትንሽ ማስታወቂያ ለጥቂት ሳምንት አውጡ። የትኛው ቃል ደንበኛ እንደሚያመጣ ታያላችሁ። ከዚያ ረጅሙን የጽሑፍ ሥራ በዚያ ቃል ላይ ታውሉታላችሁ። ወራት ደክሞ ማንም በማይፈልገው ቃል አንደኛ ከመውጣት በብዙ ይሻላል።

ራሴ ልሥራው ወይስ ሰው ልቅጠር?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ነው።

በተግባር ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። ራስ መሥራት፣ ለአንድ ጊዜ ምርመራ መክፈል፣ በየወሩ የሚከፈል ውል መግባት። ከመቶ ገጽ በታች ለሆነ ድረ-ገጽ እኔ መጀመሪያ ራሳችሁ ጀምሩት እላለሁ። መሠረታዊው ነገር በጥቂት ቅዳሜዎች የሚለመድ ነው። ርዕስ መጻፍ፣ ገጾችን በሊንክ ማገናኘት፣ ሰርች ኮንሶል ማንበብ፣ ፎቶ ማሳነስ። ሥራችሁን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ደንበኛ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀውን የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፤ የጥሩ ገጽ ጥሬ ዕቃም እሱ ነው።

ከዚያ አቅም ካለ ለአንድ ጊዜ ምርመራ ክፈሉ። ባለሙያው ድረ-ገጹን ፈትሾ፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ጽፎ ይሰጣችኋል። የምትችሉትን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ፣ የማትችሉትን ለሠሪ ትሰጣላችሁ። በእኔ እይታ ከሦስቱ ገንዘቡን የሚክስ ይህ ነው። የወር ውል ትርጉም የሚኖረው በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሲኖራችሁ፣ ወይም በየሳምንቱ የሚጻፍና የሚስተካከል ነገር ሲበዛባችሁ ነው።

ሰው ስትቀጥሩ ጥቂት ነገር አትርሱ። «አንደኛ ላወጣችሁ ዋስትና እሰጣለሁ» የሚል ካገኛችሁ ንግግሩን እዚያው ጨርሱት። ጉግል ራሱ ማንም ሰው አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። «ምን እንደምሠራ ልነግራችሁ አልችልም፣ ምስጢር ነው» የሚልም ያው ነው። በድረ-ገጻችሁ ላይ የሚደረግን ነገር የማወቅ መብት አላችሁ።

የሰርች ኮንሶሉ፣ የዶሜይኑ (የድረ-ገጹ አድራሻ ስም) እና የሆስቲንጉ (ድረ-ገጹ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ባለቤትነት በእናንተ ስም ይሁን። ለባለሙያው በተጠቃሚነት ፈቃድ ስጡት እንጂ ባለቤት አታድርጉት። የማውቃት አንዲት ሴት ይህን ባለማወቋ ድረ-ገጿን ይሠራላት ከነበረው ድርጅት ጋር ስትለያይ ዶሜይኗን ለማስመለስ ወራት ፈጅቶባታል። ለዓመታት የተሰበሰበው ሊንክ ሁሉ በዚያ ዶሜይን ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ጭንቀት በማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አዲስ ልጻፍ ወይስ የድሮውን ላድስ?

አብዛኛው ሰው አዲስ መጻፍ ይመርጣል። እኔ ድረ-ገጹ ዓመት ካለፈው የድሮውን አስቀድማለሁ።

ሰርች ኮንሶል ውስጥ ስለ ፍለጋ ውጤት የሚያሳይ ክፍል አለ። የ16 ወር መረጃ ያስቀምጣል። ለእያንዳንዱ ገጽ ስንት ጊዜ በውጤት ላይ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ አማካይ ደረጃው ስንት እንደሆነ ታያላችሁ። ለእኔ ከየትኛውም የሚከፈልበት መሣሪያ በላይ ይሄ ነው የሚጠቅመኝ፤ ሰዎች እናንተን ያገኙበትን ቃል በራሳቸው አጻጻፍ ነው የሚያሳያችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚታይ፣ ደረጃውም ጥሩ የሆነ፣ ግን የማይነካ ገጽ ካለ ችግሩ ሰውን አለመጥራቱ ነው። ርዕሱን ቀይሩ። «እንኳን ደህና መጡ» ወይም «አገልግሎቶቻችን» የሚል ርዕስ ለማንም ምንም አይነግርም። «የብስክሌት ፍሬን ሲጮህ፦ ምክንያቱና ማስተካከያው» ግን ይነግራል። ከርዕሱ ሥር የሚወጣው አጭር መግለጫ ደረጃን ከፍ አያደርግም፤ ሰው እንዲነካው ግን ያግዛል። ጉግል አንዳንዴ የራሱን ርዕስና መግለጫ ይተካል። ቢሆንም የተጻፈ ጥሩ ነገር ሲኖር እሱን ሊወስድ ይችላል። የቁልፍ ቃላት ሜታ ታግ የሚባለውን፣ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፈውን የቃላት ዝርዝር፣ ግን ተዉት። ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 አሳውቋል። እስከ ዛሬ እሱን በመሙላት ጊዜውን የሚያባክን ሰው ሳይ አዝናለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ገጽ ከስምንተኛ እስከ ሃያኛ አካባቢ የቆመው ነው። በቅርብ የሚገኝ ጥቅም ያለው እሱ ላይ ነው። ጉግል ገጹን ተረድቶታል፤ ግን የተሻለ መልስ የሚሰጡ ሌሎች አሉ። ከላይ ያሉትን ከፍታችሁ በእርጋታ አንብቡ። አንባቢው ምን አግኝቶባቸው ይሆን እናንተ ጋ የሌለ? ራሳችሁ ያነሳችሁት ፎቶ? መጠን የተጻፈበት ሠንጠረዥ? በሥራ ላይ የገጠማችሁ ነገር? ጉግል የገጽን ጥራት ለሚመዝኑ ሰዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይ በታኅሣሥ 2022 «የራስ ልምድ» የሚለውን መመዘኛ የጨመረው ያለ ነገር አይደለም። ያን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ያስታውቃል።

ሦስተኛው ችግር እርስ በርስ የሚሻሙ ገጾች ናቸው። አንድ ጥያቄ የሚመልሱ ሦስት ደካማ ገጾች ካሏችሁ፣ በአንድ ጠንካራ ገጽ አዋሕዷቸው። የቀሩትን አድራሻዎች በቋሚ ሪዳይሬክት (የድሮውን አድራሻ የከፈተን ሰው ወደ አዲሱ በሚወስድ ትእዛዝ) ወደ እሱ ምሯቸው።

እዚህ ላይ «ጽሑፉ ረጅም ይሁን አጭር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የተወሰነ የቃላት ብዛት የለም። ጥያቄው በሦስት አረፍተ ነገር የሚመለስ ከሆነ በሦስት መልሱት። ለማስረዘም ብቻ የሚጨመር አንቀጽ አንባቢውን ያባርራል።

«ብዙ ገጽ ወይስ ጥቂት?» ለሚለው ደግሞ ታሪኩ መልስ ይሰጣል። በ2011 ጉግል ፓንዳ የተባለውን ለውጥ ሲያወጣ ባዶና ተደጋጋሚ ገጽ በብዛት ያመርቱ የነበሩ ድረ-ገጾች ወደቁ። በ2022 ለሰው ሳይሆን ለፍለጋ ሞተር የተጻፈ ይዘትን የሚለይ ሥርዓት መጣ፤ በመጋቢት 2024 ከዋናው የደረጃ አሰጣጥ ጋር ተዋሐደ። በዚያው ወር ደግሞ ደረጃን ለማጭበርበር በጅምላ የሚመረት ይዘት በግልጽ ተከለከለ። በማሽን ይመረት በሰው እጅ፣ ለውጥ የለውም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀም በራሱ አልተከለከለም። ረቂቅ ለማስተካከል ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። መቶ ገጽ በአንድ ሌሊት አምርቶ መለጠፍ ግን ውሎ አድሮ መላውን ድረ-ገጽ ይጎዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሊንክ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ጉግል በ1998 ሲመሠረት ከሌሎች የለየው አንድ ሐሳብ ነበር። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ሌሎች ገጾች ወደ አንድ ገጽ የሚያደርጉትን ሊንክ እንደ ምስክርነት ቆጠሩት። ምስክሩ ራሱ የተከበረ ከሆነ ቃሉ የበለጠ ይመዝናል። ፔጅራንክ የተባለው ስሌት ይህ ነው። ዛሬ መመዘኛዎቹ በጣም በዝተዋል፤ ሊንክ ግን አሁንም ከመካከላቸው አለ።

ምስክርነት ዋጋ ሲያገኝ ደግሞ የሐሰት ምስክር ገበያ ይከፈታል። በሚያዝያ 2012 ጉግል ፔንግዊን የሚባለውን ለውጥ ያወጣው ለዚህ ነው። ሊንክ የገዙና የተቀያየሩ ድረ-ገጾች ተመቱ። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የተገዛ ሊንክ ዝም ብሎ ዋጋ ቢስ ይደረጋል፤ ማለትም ገንዘባችሁ ባከነ። ሲብስ በሰው እጅ የሚሰጥ ቅጣት ይመጣል። መልእክቱን የምታገኙት ሰርች ኮንሶል ውስጥ ነው።

«አንድ ሺህ ሊንክ በርካሽ» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ሰርዙት። የከፈላችሁበት ማስታወቂያ ሌላ ድረ-ገጽ ላይ ካለ ደግሞ ሊንኩ የተከፈለበት መሆኑ በኮዱ ውስጥ ይገለጽ። ለዚህ የተዘጋጁ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ከ2005 ጀምሮ፣ ለተከፈለ ሊንክ ብቻ የወጣው ሌላው ከ2019 ጀምሮ።

ታዲያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው? አይደለም። ሰው ሊንክ የሚያደርገው ሊጠቅሰው የሚገባ ነገር ሲያገኝ ነው። ሌላ ቦታ የሌለ ሠንጠረዥ፣ ማስያ፣ የራሳችሁ ሙከራ ውጤት፣ በጥንቃቄ የተሳለ ሥዕላዊ መግለጫ። አንድ እንዲህ ያለ ገጽ ሠርታችሁ ለሚመለከታቸው ጥቂት ሰዎች በአክብሮት ጻፉላቸው። ሁሉም ላይመልሱ ይችላሉ። ሁለት ሰው ቢመልስ ግን ሁለቱም እውነተኛ ናቸው።

ከሁሉም በፊት ግን የራሳችሁን ሊንክ ተጠቀሙ። ከአንዱ ገጻችሁ ወደ ሌላው የሚሄደውን ማለቴ ነው። ነፃ ነው፣ ዛሬውኑ ይሠራል። ብዙ የተጎበኘ ገጽ ካላችሁ ከእሱ ላይ ወደ ተረሳው ጥሩ ገጽ ሊንክ አድርጉ። ሊንኩ ያረፈበት ቃል «እዚህ ይጫኑ» ከሚል የገጹን ጉዳይ ቢናገር ለአንባቢውም ለሮቦቱም ይቀላል።

ፍጥነት ወይስ ይዘት?

ሁለቱም፤ ግን እኩል አይደሉም። ጥሩ መልስ ያለው ዘገምተኛ ገጽ ምንም መልስ የሌለውን ፈጣን ገጽ ያሸንፋል። ፍጥነት የሚለየው ሁለት ተቀራራቢ ገጾች ሲፎካከሩ ነው። ሰው ገጹ ሳይከፈት ትቶ ሲሄድ ደግሞ ደረጃው ምንም ይሁን ምን ደንበኛውን አጥታችኋል።

መለኪያው ግልጽ ነው። ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ። ሰው ሲነካው በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይስጥ፤ ይህ መለኪያ የድሮውን ተክቶ የገባው በመጋቢት 2024 ነው። ገጹ እየተከፈተ ሳለ ጽሑፍና ቁልፍ ከቦታው መዝለል የለበትም፤ የዝላዩ ነጥብ ከ0.1 አይለፍ። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በነፃ ይለካላችኋል። መቶ ከመቶ ለማምጣት ግን አትሙቱ። ከቀይ ወደ አረንጓዴ መውጣት ይበቃል።

ገንዘብ ሳታወጡ የምታመጡት ትልቁ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ላይ ነው። ከካሜራ በቀጥታ የተጫነ ፎቶ ስልክ ላይ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ይከብዳል። መጠኑን ቀንሱ፣ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡ። ምስሉ ምን እንደሆነ የሚገልጸውን ጽሑፍም ሙሉት። ማየት ለተሳነው አንባቢ ያ ጽሑፍ ምስሉ ራሱ ነው።

ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ዲዛይንና ስልክ ላይ የሚመች ዲዛይን ከተጋጩባችሁ ስልኩን ምረጡ። ጉግል አሁን የሚያነበውና የሚመዘግበው የስልኩን ገጽታ ነው። ወደዚያ የሚደረገው ሽግግር በ2016 ተነግሮ በ2023 ተጠናቋል። ከስልኩ ገጽታ ያስቀራችሁት ጽሑፍ ካለ እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው።

ቶሎ ቶሎ የሚወሰኑ

አንዳንዱ ምርጫ ብዙ ክርክር አይፈልግም።

ብሎጋችሁን በንዑስ ዶሜይን (ለምሳሌ blog.example.com) ታስቀምጡታላችሁ ወይስ በዋናው ሥር በፎልደር (example.com/blog)? ጉግል ሁለቱም ይሠራሉ ይላል። እኔ ፎልደሩን እመርጣለሁ። የምትጠብቁት አንድ ቤት ብቻ ይሆናል።

ቋሚ ሪዳይሬክት ወይስ ጊዜያዊ? ገጹ ለዘለቄታው ከሄደ ቋሚውን፣ 301 የሚባለውን። ቢያንስ አንድ ዓመት አታንሱት።

ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በጎብኚውና በድረ-ገጹ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያመሰጥረው? እንደ ምርጫም አይቆጠር። ከ2014 ጀምሮ ትንሽም ቢሆን የደረጃ ምልክት ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ አሳሾች ለጎብኚው ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ።

በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ የገጹ አድራሻ በፊደላችን ይሁን ወይስ በላቲን? ጉግል የግዕዙን ያነባል። ነገር ግን አድራሻው ተቀድቶ ሲላክ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። አሥር ፊደል ዘጠና ምልክት ሆነ ማለት ነው። በመልእክት ሲላክ ያስፈራል፣ አንዳንዴም ይቆረጣል። እኔ አድራሻውን በአጭር ላቲን፣ ርዕሱንና ጽሑፉን በአማርኛ አደርጋለሁ። የቃላት አጻጻፍንም እዩ። አንዱ «ፀሐይ» ሲጽፍ ሌላው «ጸሃይ» ይጽፋል። ሰርች ኮንሶል የቱ እንደሚበዛ ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ግን በፍጥነት አላልፍም። ገጽ ከፍለጋ እንዲወጣ ስትፈልጉ በሮቦትስ ፋይል ትከለክሉታላችሁ ወይስ «አትመዝግቡ» የሚለውን ትእዛዝ ገጹ ላይ ታደርጋላችሁ? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የሮቦትስ ፋይል «አትግባ» ነው የሚለው። ሮቦቱ ካልገባ ገጹ ውስጥ የተጻፈውን «አትመዝግቡ» አያነበውም። ሌላ ድረ-ገጽ ወደዚያ ሊንክ ካደረገ ደግሞ አድራሻው ያለ ይዘት ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ማስወጣት የምትፈልጉትን ገጽ ክፍት ትታችሁ ትእዛዙን ገጹ ላይ አድርጉ። ሁለቱን በአንድ ላይ ካደረጋችሁ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በእውነት የግል የሆነ ነገር ካለ ግን ሁለቱም አይጠብቁትም። በይለፍ ቃል ዝጉት።

ከማሽኑ መልስ ጋር መኖር ወይስ መዝጋት?

ከ2024 ወዲህ ጉግል ከውጤቱ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ያጠናቀረውን መልስ ማሳየት ጀምሯል። ብዙ ባለቤቶች ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ እንዳይሄድባቸው ይሰጋሉ። ስጋቱ ይገባኛል።

መዝጋት ይቻላል፤ ግን ምን እንደምትዘጉ እወቁ። ጉግል-ኤክስቴንድድ የሚባለውን በሮቦትስ ፋይል ብትከለክሉ ጽሑፋችሁ የጉግልን ሞዴሎች ለማሠልጠን እንዳይውል ነው። በፍለጋ ላይ ያላችሁን ቦታ አይነካም፤ ከላይ ከሚታየው መልስም አያወጣችሁም። ከዚያ ለመውጣት ቅንጫቢ ጽሑፍ እንዳይታይ የሚያዘውን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ በተራው ውጤት ሥር የሚታየውን መግለጫችሁንም ያጠፋዋል። እኔ አልዘጋሁም። ይልቅ በአንድ አረፍተ ነገር የሚያልቁ መልሶችን መጻፍ ቀንሼ፣ ሰው ገብቶ ሊያይ የሚገደድባቸውን ነገሮች አበዛሁ። ደረጃ በደረጃ የተነሱ ፎቶዎች፣ ንጽጽሮች፣ የራሴ ሙከራዎች። ሥራችሁ ሙሉ በሙሉ በሚሸጥ ጽሑፍ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ውሳኔያችሁ ከእኔ ሊለይ ይችላል።

በሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ ካላችሁ

የመጀመሪያውን ሳምንት ሰርች ኮንሶልን ከፍታችሁ ያልተመዘገቡ ገጾችን በማየት አሳልፉት። በሁለተኛው አምስት ርዕሶችን አስተካክሉ። በሦስተኛው የሚሻሙ ገጾችን አዋሕዱ፣ የውስጥ ሊንክ ጨምሩ። ከአራተኛው ጀምሮ ከስምንተኛ እስከ ሃያኛ የቆሙትን በሳምንት አንድ አንድ እያላችሁ አድሱ። አዲስ ገጽ የምትጽፉት ደንበኛ ደጋግሞ ጠይቆ መልሱ ድረ-ገጹ ላይ ከሌለ ነው።

በአንድ ጊዜ ሁሉን አትቀይሩ። ደብተር ያዙ። በየትኛው ቀን የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ከዚያ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ያንን ገጽ አትንኩት። ሰርች ኮንሶል ላይ ከለውጡ በፊት የነበሩትን 28 ቀናት ከለውጡ በኋላ ካሉት 28 ቀናት ጋር አነጻጽሩ። ከፍ ካለ ያንኑ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ድገሙት። ካልተንቀሳቀሰ ደብተሩ ላይ የድሮው ርዕስ አለ፤ መልሳችሁ ሌላ ሞክሩ።